በግራ በኩል፣ ከክንፉ ፊት

የካቲት 12

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? አክስቴስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ልጠይቅዎት። ባለፈው በስልክ የጮህኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ እንዲሰሙኝ ብዬ ነው። «ምን አልሽ?» «ግራ!» «ምን አልሽ?» «ግራ ነው ያልኩት!» ስንባባል ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መነጽር ሊያሠሩ የመጡት ደንበኞች የጆሮ ሐኪም ቤት የገቡ ሳይመስላቸው አልቀረም። እንደ ልማዳችን በወረቀት ይሻለናል።

ወደ አክስቴ ሲሄዱ መሀል ወንበር ላይ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ተጣብቀው አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥዎ እስካሁን ይቆጨኛል። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ወንበር መምረጥ እንደሚቻል እንኳ አላወቅሁም ነበር። «ከፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ በቀር ያየሁት አገር የለም» ብለው ሲጽፉልኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ቤት ተቀምጠው ወንዙንና ሐይቁን በብዕር ሲስሉ የኖሩ ሰው፣ አንዴ ከላይ የማየት ዕድል ቢያገኙ እሱንም እኔ ነሳሁዎት።

ለመመለሻው ጉዞ ግን ነገሩን አጥንቼዋለሁ። በዚያው መስመር የሚያበሩ አንድ ካፒቴን ደንበኛችን ናቸው። የመነጽራቸውን መስታወት እየሞረድኩ ጠየቅኋቸውና እንዲህ አሉኝ፦ «ለትልቁ ሐይቅ ከሆነ በግራ ይቀመጡ። ሲነጋ ፀሐይዋ በቀኝ ነው የምትወጣው፤ በግራ ያለ ሰው ዓይኑን ሳትወጋው መሬቱ ሲበራ ያያል። ክንፉ ላይ ያሉትን ረድፎች ይተዉ፤ ከብረት በቀር አይታይም። ከክንፉ ኋላ ደግሞ የሞተሩ ትኩሳት ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጠዋል። ከክንፉ ፊት ይሁን።» አሥረኛው ረድፍ የመስኮት ወንበር ይባላል እንጂ መስኮት የለውም፣ ግድግዳ ነው ብለው አስጠነቀቁኝ። ስለዚህ ዘጠነኛውን ረድፍ ይዣለሁ። በግራ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደህናው ጆሮዎ፣ ቀኙ፣ በሰው በኩል ይሆናል።

ቁርስ ከቀረበ በኋላ እንዳይተኙ። ሐይቁ የሚታየው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ደግሞ ማንም ቢለምንዎት እንዳይነሱ! አውቅዎታለሁ። ባልና ሚስት ነን፣ አብረን እንቀመጥ ይሉዎታል፤ አንዱ ወገቤን አመመኝ ይላል። አልሰማሁም ይበሉ። ጆሮዎ ይህን ሁሉ ዓመት ካስቸገረን፣ አንድ ቀን ይጥቀመን።

ልጅዎ


የካቲት 24

ለነጥቤ፣

ደብዳቤሽ ደረሰ። የአክስትሽ ጉልበት ገና ነው፤ ምላሷ ግን ቀድሞ ድኗል። የጻፍሽውን ጮክ ብላ አነበበችልኝና «ልጅህ የመረጠችልህ ወንበር ነው ወይስ ሚስት?» አለችኝ። ጆሮዬን አመካኝ ያልሽው ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከሐይቁ የቱን ልብ ብዬ እንደማይ በጠርዙ ላይ በእርሳስ ለጠየቅሽው፣ ደቡባዊውን ጥግ ነው። ሥራ በጀመርኩ ዓመት ከአየር የተነሣው ፎቶ ሲመጣልን እዚያ ጥግ ላይ ደመና ነበር። አለቃዬ «ማን ሄዶ ያያል፣ በግምት ሳለው» አለኝ። ሳልኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደታተመ አትጠይቂኝ። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የኔ ግምት ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ወንበሩን የጻፍሽበትን ወረቀት ከፓስፖርቴ ጋር አድርጌዋለሁ። ልጅ ሆኛለሁ፣ ቀን እየቆጠርኩ ነው።

አባትሽ


መጋቢት 15

ለልጄ፣

በደህና ገብቻለሁ። ቤቱ እንደተውኩት ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ጨርቅ ጠምጥሞ ጠብቆኛል። የአክስትሽን ሹራብ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

ስለ ሐይቁ፣ እንደደረስኩ ጽፈሽ ለጠየቅሽኝ፣ ደመና ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነጥፎ ምንም አልታየም። አትዘኝ፤ የሰማይ ነገር ነው፣ ማን ያዝዘዋል? ወንበሩ ግን ምቹ ነበር።

አጠገቤ ማን እንደነበረ ጠይቀሻል። አንዲት ሴትዮ ነበረች። ብዙም አልተነጋገርንም።

ሌላ ወሬ የለኝም። መስታወት ስትሞርጂ አፍሽን መሸፈን አትርሺ።

አባትሽ


መጋቢት 29

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። እንደዚህ አጭር ጽፈውልኝ አያውቁም። ቧንቧው ከሐይቁ የበለጠ ቦታ ይዟል።

ትናንት ካፒቴኑ መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። ያን ቀን ጠዋት ከእርስዎ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ኋላ፣ በዚያው መስመር ሲያበሩ ነበር። ስለ ደመናው ብነግራቸው ግራ ገባቸው። «የምን ደመና? እንደዚያ ቀን የጠራ ሰማይ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው» አሉኝ።

አባባ፣ ለምን ደመና ነበር አሉኝ?

ሳስበው አደርኩና ገባኝ። ወንበርዎን ወስደውብዎታል። አስተናጋጇ አንስታ ሌላ ሰው አስቀምጣበታለች፤ እርስዎም እኔ እንዳላዝን ብለው ደመና ፈጠሩ። ደግነትዎ መቼም አይለቅዎትም! ለሰው ሲሉ ጥርስዎን ነክሰው ዝም የሚሉ ሰው ነዎት። እኔ ግን ዝም አልልም። ለአየር መንገዱ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ ቀኑን፣ የወንበሩን ቁጥር፣ ዕድሜዎን፣ የጆሮዎን ነገር ሁሉ ገልጬ፣ በዚያ በኩል ያገለገለችው አስተናጋጅ ትጠየቅልኝ ብያለሁ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 9

ነጥቤ፣

አቤቱታውን ተይው። ዛሬውኑ ጻፊና አንሺው።

ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ማንም አላነሳኝም። አስተናጋጇ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሁለት ጊዜ ሻይ አምጥታልኛለች። የደመናውን ነገር እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ የሽማግሌ ዓይን ነው።

ሌላ አትጠይቂኝ። ብቻ ተይው።

አባትሽ


ሚያዝያ 22

አባባ፣

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ የቢሮው መልስ በመጣ ማግስት ነው። አስተናጋጇን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከበረራ አግደዋታል። ቢሮ ተቀምጣ ወረቀት ታስተካክላለች አሉኝ። የሰጠችውን ቃል ግልባጭ ልከውልኛል። እንዳለ ልገልብጥልዎት፦

«አባት ከመነሻ እስከ መድረሻ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከአጠገባቸው የተቀመጡት እናት ለጥቂት ደቂቃ ቦታ እንዲለዋወጧቸው ጠየቋቸው። አባት በእጃቸው ጆሯቸውን አሳይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይቶ እናትየዋን ከኋላ መጋረጃው ጋ ቆመው ሲያለቅሱ አግኝቼ ውሃ ሰጠኋቸው። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ሄጄ ለአባት ላስረዳቸው ፈለግሁ። እናትየዋ ግን ‹ተያቸው፣ አታሳፍሪያቸው› አሉኝ።»

አባባ፣ ይህች ልጅ ዋሽታ ነው? ቢሮው የእርስዎን ቃል ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ ምን ብላዎት ነበር?


ግንቦት 3

ለልጄ፣

አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አምስተኛዬ ነው፤ አራቱን ቀድጃለሁ። በስልክ ድምፅሽን እየሰማሁ ልነግርሽ ባለመቻሌ ጆሮዬን አመሰግናለሁ። ይኸው፣ አሁንም ጆሮዬን ላመካኝ።

ሴትዮዋ እኅቷን ጠይቃ ስትመለስ ነበር። ገና ስንነሣ አጫወተችኝ። እዚሁ ከተማችን፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የተማሪ ዩኒፎርም እንደምትሰፋ፣ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ እንደሆነና እንደ መጨረሻዋም እንደምታስበው ነገረችኝ። ጉልበቴን ሲበርደኝ አይታ የራሷን ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። በቀኜ ነበረች። የተናገረችው ሁሉ ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ።

ከቁርስ በኋላ ጎንበስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ ላስቸግርዎት። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ለአምስት ደቂቃ ቦታ ቢለውጡኝ? ልጄ እዚያ ነው የቀረው። ጀልባ ተገልብጣ። ሌሎቹን አወጧቸው፤ እሱን አላገኙትም።»

ሰማሁ ነጥቤ። አንድም ቃል አላመለጠኝም። እጄ ግን ከኔ ቀድሞ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፈገግም ብያለሁ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ልጄ» ስትል ከፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ፤ ያን ቃል በሰው ፊት መጮህ አቃታትና አቆመች። እኔም ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ስሄድ በሁለት ትከሻ መሀል ምን እንደሚመስል ቀምሼዋለሁ፤ ስመለስ ትከሻዬን አስፍቼ መስኮቱን ሞላሁት።

ለምን ትይኛለሽ። ያንን ጥግ ፈልጌ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ፣ እሷ ሌላ ቀን ታየዋለች አልኩ። መጨረሻዬ ነው ያለችኝን እየሰማሁ እንዲህ አልኩ። ጥጉን አየሁት። ተሳስቼ ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ዳርቻ ወደ ውጭ አውጥቼዋለሁ። ይኸው ነው ያገኘሁት። ሐይቁ ካለፈ በኋላ ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እስክናርፍ የተኛሁ መሰልኩ። ስንወርድ ሻንጣዬን ከላይ አውርዳ ሰጠችኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም፤ ደንቆሮ ነኝ አይደል።

አንቺ በደብዳቤሽ ያልሽው ቀልድ ነበር። በሱ እንዳታሳብቢ። ቀልዱን ሥራ ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ።

ይህንኑ ወረቀት ለቢሮው ስጪው። ልጅቷ የኔን ኃጢአት ተሸክማ ቢሮ አትቀመጥ። ደግ ነዎት ያልሽኝን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ማየት አልቻልኩም።

አባትሽ


ግንቦት 17

አባባ፣

ቃልዎን ለቢሮው ሰጥቻለሁ። ከማስረከቤ በፊት አንዱን ገጽ ላስቀረው አስቤ ነበር፤ የፈገግታውን። አባቴን እንዲህ እንዳያውቁት ብዬ። ከዚያ አስተናጋጇ ትዝ አለችኝና ሁሉንም ሰጠሁ።

ልጅቷ ወደ በረራዋ ተመልሳለች። ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩላት። ስድብ ጠብቄ ነበር። «አባትሽን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የመስታወት መሞረጃው ላይ ተደግፌ ቀረሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እርስዎ በቀልድሽ አታሳብቢ ብለውኛል። ግን አባባ፣ ያን ቀልድ ስጽፈው ለብቻዬ እየሳቅሁ ነበር። ማንም ቢለምንዎት ስል የሚለምነው ሰው ምን ይዞ እንደሚለምን አንዴም አላሰብኩም። ባልና ሚስት፣ ወገብ የሚያመው… እንዲህ ነበር የመሰለኝ። ከዚያም አልፌ የማላውቃትን ልጅ እንጀራ ላይ ቆምኩ። ስለዚህ እፍረቱን ብቻዎን አይውሰዱት፤ ድርሻዬን ይተዉልኝ።

ተቆጥቻለሁ ወይ? አዎ። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ናፈቁኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። የመናኸሪያውን ጀርባ ያውቁታል። እኔ ልሄድልዎት አልችልም።

ልጅዎ


ሐምሌ 11

ለነጥቤ፣

ዝም በማለቴ ይቅርታ። ሳልጨርስ መጻፍ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሱቋን አይቼ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ካልሲ የሚሸጥ ሰው «አባት፣ ምን ፈለጉ?» ሲለኝ ካልሲ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለተኛም ቀን ካልሲ ገዛሁ። በሦስተኛው ሻጩ ገና ሲያየኝ ካልሲ ማውጣት ሲጀምር፣ ከሱ ለማምለጥ ስል መንገዱን ተሻገርኩ።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተከምሮባታል። ቀና ብላ አየችኝ። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም «ጆሮዎ ተሻለዎት?» አለችኝ።

እንደ ምንም «ያን ቀንም እሰማ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አስተናጋጇ ሻይ ይጨመር ወይ ስትልዎ በሹክሹክታ ነበር፤ ሰው ተኝቶ። ‹ስኳር ሳይበዛ› አሏት። እኔ የለመንኩዎት ከዚያ በኋላ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ። ያጠናሁትን ይቅርታ ጀመርኩ። በእጇ አቋረጠችኝ።

«ይቅርታውን ይዤ ምን ላድርገው? ይልቅ ያዩትን ይንገሩኝ። እዚያ ውሃ ዳር መቆም አልቻልኩም። አራት ዓመቴ ነው፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ እየወረድኩ እመለሳለሁ። ከላይ ከሆነ እችለው ይሆናል ብዬ ነበር።»

ጀመርኩ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ይረዝማል አልኩ፤ በምዕራብ ሦስት ደሴቶች፣ በደቡብ ወደ ውስጥ የሚገባ ዳርቻ… መኪናዋን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

«ይህንንማ ልጄም ደብተሩ ላይ ስሎታል። እኔ የጠየቅሁት ያዩትን ነው።»

ፈለግሁ ነጥቤ። ምንም የለም። ለካ ያን ጠዋት ካርታዬን ሳርም ነበር እንጂ ሐይቁን አላየሁትም። አንገቴ ደርቆ፣ ከኋላዬ ትንፋሿን እየሰማሁ፣ ስሕተቴን ብቻ ስፈልግ አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ይህንኑ ነገርኳት።

«እንግዲያው ሁለታችንም አላየነውም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት እመርጥ ነበር። ጨርቋን ወደ መርፌው አስገባች። «ይሂዱና ያስታውሱ። ትዝ ያለዎት ቀን ይምጡ።»

ወር ሙሉ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ እየተቀመጥኩ ካርታውን ሳላወጣ ሞከርኩ። መጀመሪያ የመጣው የብርድ ልብሷ ሽታ ነው፤ ሳሙና ሳሙና የሚል። ከዚያ የመስታወቱ ቅዝቃዜ ግንባሬ ላይ። ከዚያ ቀለሙ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰማያዊ ስቀባው ኖሬያለሁ፤ ሰማያዊ አልነበረም። ዝናብ ያባራበት ቆርቆሮ ይመስል ነበር፤ ፀሐይዋ ስትደርስበት ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ፣ የበሰለ ፓፓያ ሲከፈት ያለው መልክ። ከስንት ቀን በኋላ ደግሞ አንዲት ነጭ ክር ውሃው ላይ ታየችኝ። ረጅም፣ ቀጥ ያለች። ጀልባዋ ራሷ አልታየችኝም፤ በኋላዋ ትታው የምትሄደው መስመር ነው።

ትናንት ሄድኩ። አዝራር ስትተክል አገኘኋት። የቆርቆሮውን ነገርኳት፣ የፓፓያውን ነገርኳት፤ ቀና ሳትል ትሰማለች። ክሯን ስነግራት እጇ ቆመ።

«ጀልባ ናት?»

«ጀልባ ናት።»

«ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«ወደ ዳር።»

«ደረሰች?»

ደረሰች ልላት ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ለእሷም ዕረፍት ነው፣ ለኔም። ግን ለሰው ስል የዋሸሁት የመሰለኝ ሁሉ ለራሴ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

«ስትደርስ አላየሁም» አልኳት። «መንገድ ላይ እንዳለች አለፍናት።»

በበሩ በኩል ሁለት አውቶቡሶች ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። ከዚያ የያዘችውን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን በርጩማ በእግሯ ወደኔ ገፋችው።

«ይቀመጡ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»

አባትሽ